ባሕር ዳርቻ ለጎብዬ ልጅ ምኑ ነው?

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ የትምህርት ዓይነት ነው። ስሙ «የባሕርና የባሕር ዳርቻ አስተዳደር» ይባላል፤ የሚሰጠውም የመጀመሪያ ዲግሪ ላላቸው ሰዎች በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ነው። ይህን ስም የሰማ የጎብዬ ወይም የቆቦ ሰው አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር መሣቅ ነው። «ባሕር በሌለበት አገር የባሕር አስተዳዳሪ! በቅሎው ሳይገዛ ኮርቻ መስፋት!» ይላል። ሣቁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከሣቁ በኋላ ጥያቄው እንዳለ ይቀራል። የትምህርት ዕድል ማስታወቂያ በእጁ የገባ አንድ ተመራቂ፣ ወይም በወረዳ ጽሕፈት ቤት ሁለት ሦስት ዓመት ያገለገለ አንድ ጀማሪ ሠራተኛ ይህን ትምህርት ይማር ወይስ ይተው? አንድ ወይም ሁለት ዓመት ከወጣትነት ዕድሜ ላይ የሚቆረስ ነውና ነገሩ በቀልድ ብቻ አይታለፍም።

ጎብዬን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ሮቢት ከመድረሱ በፊት የሚያገኛት የራያ ቆላ ከተማ ናት። በስተ ምዕራብ ደጋው እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራሮች አሉ፤ በመካከሉ ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት ሜዳ ተዘርግቷል። ከዞብል ማዶ የአፋር ምድር ነው፤ ከአፋር ማዶ ቀይ ባሕር አለ። በካርታ ላይ ሲለካ ርቀቱ ብዙ አይደለም። ነገር ግን ውኃው ራሱ እዚያ አይደርስም።

ይህ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። አላውኃ፣ ጎሊናና ሆርማት ከምዕራቡ ደጋ ተነሥተው ወደ ምሥራቅ ይወርዳሉ፤ ጎሊናም የዞብልን ሰንሰለት ሰንጥቆ ወደ አፋር ይገባል። ከዚያ በኋላ አሸዋና ፀሐይ ይቀበሉታል እንጂ ባሕር አይቀበለውም። ታላቁ አዋሽ እንኳ ጉዞውን የሚፈጽመው በጅቡቲ ወሰን ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ነው። እንግዲህ የጎብዬ ልጅ ባሕር የሌለው ብቻ ሳይሆን ወንዙም ባሕርን የማያውቅ ሰው ነው። የአገር ልጅን «የወንዜ ልጅ» ብለን የምንጠራ ሰዎች ነንና፣ እንዲህ ካለ ወንዝ የበቀለ ሰው ስለ ባሕር ዳርቻ ተምሮ ምን ያገኛል ቢባል ጥያቄው የተገባ ነው።

መልሱን ለማግኘት ትምህርቱ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው መርከብ መንዳት ወይም ዓሣ ማጥመድ ይመስለዋል። አይደለም። መርከብ መንዳት የመርከበኞች ትምህርት ነው፤ ወደብ መሥራት የመሐንዲሶች ነው፤ የዓሣን ተፈጥሮ መመርመር የባዮሎጂ ሊቃውንት ሥራ ነው። የባሕር ዳርቻ አስተዳደር የሚባለው ግን እነዚህ ሁሉ በአንድ ጠባብ ቦታ ላይ ሲገናኙና ሲጋጩ እንዴት አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ የሚመረምር ትምህርት ነው።

አንድ የባሕር ዳር በዐይነ ኅሊናህ ተመልከት። ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን የሚያስጠጋበት ቦታ ይፈልጋል። ነጋዴው ሆቴል ሊሠራበት ይመኛል። ወደቡ ጥልቅ ውኃ ይፈልጋልና አሸዋውን ያስጠርጋል። ከተማው ቆሻሻውን የሚያፈስበት ይሻል። ማንግሮቭ የሚባለው በጨው ውኃ የሚበቅለው ዛፍ ደግሞ የዓሣ ጫጩቶች መጠለያና የማዕበል መከላከያ ሆኖ ሳለ ለማገዶ ይቆረጣል። ለእያንዳንዱ ጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤትና አንድ ደንብ አለ፤ ለሁሉም በአንድነት የሚያስብ ግን የለም። እያንዳንዱ በበኩሉ ፈቃድ አውጥቶ፣ ደንብ ጠብቆ ሲሠራ፣ ዳርቻው ዐይናቸው እያየ ይጠፋል።

ይህ ጉዳት የታየው በሰፊው ነው። የአሜሪካ መንግሥት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1972 ስለ ባሕር ዳርቻ አስተዳደር ራሱን የቻለ ሕግ አወጣ። በ1992 በሪዮ ዴ ጃኔሮ በተደረገው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የጸደቀው መርሐ ግብርም 17ኛውን ምዕራፍ ለውቅያኖሶችና ለባሕር ዳርቻዎች ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፋ። ተማሪው የማዕበልንና የአሸዋን ጉዞ፣ በውኃ ውስጥ የሚኖሩ ፍጥረታት እርስ በርሳቸው ያላቸውን ግንኙነት፣ የባሕርን ሕግ፣ የኢኮኖሚን ስሌት፣ ከሳተላይት ሥዕል ካርታ ማውጣትን ይማራል። ከሁሉ በላይ ግን የማይግባቡ ወገኖችን በአንድ ሸንጎ አስቀምጦ ማነጋገርን ይማራል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። ይህ ትምህርት ከሚያስተምራቸው ነገሮች ዋናው፣ ዳርቻ የሚጀምረው ከዳርቻ አለመሆኑን ነው። የባሕር ዳር አሸዋና አፈር አብዛኛው ከተራራ ታጥቦ በወንዝ የወረደ ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ የእኛው ዓባይ ነው። በግብፅ በሜዲቴራኒያን ባሕር ዳር ያለው ለም ምድር የተሠራው በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ በዓባይና በተከዜ በኩል በወረደ ደለል ነው። የአስዋን ታላቅ ግድብ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ወንዙን ከዘጋ፣ በ1970ም ሥራው ከተፈጸመ በኋላ፣ ደለሉ ከግድቡ ኋላ ተኝቶ ቀረ። ያን ጊዜ ባሕሩ ቀድሞ የተሰጠውን መሬት መልሶ መብላት ጀመረ፤ በሮዜታ በኩል ያለው ዳርቻ በአንድ ዓመት ውስጥ በብዙ አሥር ሜትር ወደ ኋላ ያፈገፈገበት ጊዜ ነበር። ከጎርፉ ጋር በሚወርደው ምግብ ይኖሩ የነበሩ የሰርዲን ዓሣዎችም በጣም አነሱ፤ አጥማጆቹም መረባቸውን ባዶ ይስቡ ጀመር።

እንግዲህ አስተውል። ከጎብዬ በስተ ምዕራብ ባለው ደጋ አናት ላይ የወደቀ ዝናብ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ላስታ ያዘነበለው በተከዜ ገብቶ በስተ መጨረሻው ወደ ሜዲቴራኒያን የሚወስደውን መንገድ ይይዛል። ወደ ራያ ያዘነበለው ሜዳው ላይ ወርዶ በአፋር ይቀራል። አንዱ ጠብታ የባሕር ዳርቻ ሠሪ ሲሆን፣ ወንድሙ የጎብዬን ማሳ ሠሪ ነው። የሚሸከሙት አፈር አንድ ነው፤ የሚጠይቁትም ጥያቄ አንድ ነው። ይኸውም፦ ውኃውንና አፈሩን ማን ያገኘዋል፤ ማንስ ይከለከላል?

በራያ ሜዳ ይህ ጥያቄ የመጽሐፍ ጥያቄ አይደለም። በክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ በደጋው ላይ ዝናብ ሲጥል በቆላው ሰማዩ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ግን ድንጋይና ግንድ የሚያንከባልል ጎርፍ በደረቁ ወንዝ ይመጣል። ገበሬው ከእንጨት፣ ከእሾህና ከአፈር በሠራው ክትር ጎርፉን ጠልፎ በቦይ ወደ ማሳው ይመራዋል። አንድ ሁለት ጊዜ በደንብ የጠጣ ማሳ ዝናቡ ቀድሞ ቢቋረጥ እንኳ ማሽላውን ሊያደርስ ይችላል። ከውኃው ጋር የሚመጣው ደለልም ማሳውን ያዳብራል። ጎርፉ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ግን ክትሩን ጠርጎ፣ ማሳውን በጠጠር ሸፍኖ፣ የወንዙን አፍ ወደ ሌላ ሰው መሬት አዙሮ ይሄዳል። ያው ውኃ ዛሬ ሲሳይ፣ ነገ ጥፋት ነው።

በዚህ ላይ የሰው ነገር አለ። ከላይ ያለው ገበሬ አብዝቶ ከጠለፈ ከታች ያለው ይደርቃል። ስለዚህም በብዙ የአማራ አካባቢዎች «የውኃ አባት» የሚባል፣ ኅብረተሰቡ የመረጠው ሰው ተራ ያወጣል፤ ቦይ በሚጠረግበት ቀን የቀረውን ይቀጣል፤ ጠብ ሲነሣ ይዳኛል። ይህ ሰው ዲግሪ የለውም። ነገር ግን በሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ «የተቀናጀ አስተዳደር» እየተባለ ከሚሰጠው ትምህርት ግማሹን ያህል ያውቀዋል። የተማረው ሰው ወደ ወረዳው ሲመጣ ይህን ዕውቀት ሳይጠይቅ የሲሚንቶ መጥለፊያ ለመሥራት የቸኮለ እንደ ሆነ ምን ይሆናል? የጎርፍ መስኖ ባለባቸው ብዙ አገሮች የታየው ይኸው ነው፤ ወንዙ አልጋውን ይቀይርና ሲሚንቶው በደረቅ ላይ ይቀራል፤ ወይም ጠጠርና ደለል አፉን ይደፍነዋል። ገበሬውም ወደ እሾህ ክትሩ ይመለሳል።

ሌላም አለ። በቆቦና በጊራና ሸለቆ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው የከርሰ ምድር ውኃ ለመስኖ እየወጣ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም በበጋ ሲታረስ ማየት የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ያ የከርሰ ምድር ውኃ ከየት ይመጣል? ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ በጠጠሩ ውስጥ እየሰረገ የሚያጠራቅመው ነው። በባሕር ዳር ያሉ ከተሞች ጉድጓዳቸውን ከልክ በላይ ሲስቡ የባሕሩ ጨው ወደ ጉድጓዱ ይገባባቸዋል፤ በዚህም ምክንያት የወጪና የገቢ ሒሳብ መያዝን ተምረዋል። የራያ ሜዳ ባሕር ስለሌለው ጨዉ አያስፈራውም፤ የወጪና የገቢው ሒሳብ ግን ያው ነው። ጎርፉን የሚያስተዳድርና ጉድጓዱን የሚያስተዳድር ሰው ካልተነጋገሩ፣ አንዱ የሌላውን ጎተራ እያራገፈ ነው ማለት ነው።

ምናልባት አንባቢዬ «ይህ ስለ ጎርፍ ነው፤ እውነተኛ ዳርቻ የታለ?» ይል ይሆናል። ከጎብዬ ተነሥቶ በወልድያ በኩል ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ደሴ ከመድረሱ በፊት ሐይቅ ከተማን ያልፋል። ያ ሐይቅ 80 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው፣ ውኃ የሚወጣበት ወንዝ የሌለው የተዘጋ ሐይቅ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ በደሴት ላይ የነበረ ነው፤ ዛሬ ግን ውኃው ሸሽቶ ደሴቱ ከየብስ ጋር ስለ ተያያዘ በእግር ይገባበታል። ይህ ሁሉ ለውጥ የሆነው ትልቅ ግድብ ሳይሠራ፣ ትልቅ ወደብ ሳይቆም ነው።

በሐይቁ ውስጥ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ቀረሶ የሚባለው ዓሣ እንዲገባ ተደረገ። ለአካባቢው ሰው ምግብና ገቢ ሆነ። ከዚያ በኋላ የመረመሩት ሊቃውንት ግን ቀድሞ እስከ ጥልቁ ጥርት ብሎ ይታይ የነበረው ውኃ መደብዘዙን አገኙ። ለዚህ ሁለት ምክንያቶች ይቀርባሉ። አንደኛው፣ አዲሱ ዓሣ በውኃው ውስጥ አረንጓዴውን ነገር የሚግጡትን ጥቃቅን እንስሳት በመብላቱ አረንጓዴው በዛ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በዙሪያው ካለው ማሳ የሚታጠበው አፈር ውኃውን አዳበረው የሚል ነው። ዓሣ አጥማጁ፣ እስከ ውኃው ጫፍ የሚያርሰው ገበሬ፣ ገዳሙና የመዝናኛ ቤቱ ባለቤት ሁሉም የአንድ ሐይቅ ባለ ጉዳዮች ናቸው። እንግዲህ የዳርቻ አስተዳደር ማለት ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ወደ ጣና ብንሄድ ነገሩ የበለጠ ይገለጣል። የክልሉ ዋና ከተማ ስሟ ራሱ ባሕር ዳር ነው፤ እኛ የምንሥቅበትን የትምህርት ስም ከተማችን ለብሳው ትኖራለች ማለት ነው። ጣና ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ስፋት ያለው ሲሆን፣ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር ያህል አይበልጥም። እንደ ሰፊ ሰታቴ ነውና ውኃው በትንሹ ሲቀንስ ዳርቻው በብዙ ይሸሻል። የሚሸሸውን መሬት ገበሬው «ባሕር ሸሽ» ብሎ ያርሰዋል። በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ውኃ በጣም በወረደ ጊዜ ጀልባዎች ቆሙ፤ ደንገሉ የበቀለበት ረግረግም በብዙ ቦታ እየተመነጠረ ማሳ ሆነ። ደንገሉ ሲጠፋ ለታንኳ የሚሆን ሣር ብቻ አልጠፋም፤ ዓሣው የሚራባበት ቦታና ደለሉ የሚጣራበት ወንፊትም አብሮ ጠፋ።

በ2002 ዓ.ም. ከሐይቁ ውኃ እየወሰደ 460 ሜጋ ዋት ኃይል የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ እምቦጭ የተባለው አረም በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ላይ መታየቱ ታወቀ። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን ከዓለም የሕይወት ሀብት ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ አስገባው። መብራት የሚፈልግ አለ፤ መስኖ የሚፈልግ አለ፤ በሌላ አገር የማይገኙትን የጣና ዓሣዎች መጠበቅ የሚፈልግ አለ፤ ገዳማት አሉ፤ አረሙን በእጁ የሚነቅል ገበሬ አለ። ጥያቄው ከእነዚህ ማን ክፉ ማን ደግ የሚል አይደለም። ሁሉም እውነት አላቸው። የጎደለው ሁሉንም እውነት በአንድ ሚዛን ላይ የሚያኖር ሰው ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ሲጠፋ የሚሆነውን አይተናል። የሐረማያ ሐይቅ ለከተማና ለመስኖ ሲሳብ ኖሮ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደረቀ። ወደ አብጃታ የሚገባው የቡልቡላ ወንዝ በላይ በኩል ለመስኖ ሲጠለፍ፣ ሐይቁም ለሶዳ ፋብሪካ ሲሳብ፣ ዳርቻው በጣም ሸሸ። በሌላ በኩል ደግሞ አዲስ ዳርቻ ተወልዶልናል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ኅዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ሐይቅ በጉባ ምድር ላይ ዘርግቷል፤ ንጋት ሐይቅ ተብሏል። በዚህ ሐይቅ ዳር ማን ያጠምዳል፣ ማን ያርሳል፣ ማን ሆቴል ይሠራል? ደንቡ ከመጀመሪያው በዕውቀት ካልወጣ በጣናና በአብጃታ የታየው ነገር በዚያም ይደገማል።

ስለ ባሕሩም ራሱ አንድ ቃል ሳንል አንለፍ። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር በር የሌላት አገር ናት። የንግድ መርከቦች ድርጅቷ ግን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ነው፤ ከውጭ የምናስገባውና የምንልከው ዕቃም አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ያልፋል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1982 የተፈረመው የባሕር ሕግ ስምምነት ከአንቀጽ 124 እስከ 132 ድረስ ያለውን ክፍሉን የሰጠው ባሕር በር ለሌላቸው አገሮች መብት ነው። አንቀጽ 69 ደግሞ እነዚህ አገሮች በአካባቢያቸው ካሉ የባሕር ጠረፍ አገሮች የዓሣ ትርፍ እንዴት ሊካፈሉ እንደሚችሉ ይናገራል። ባሕር የሌለው አገር የባሕርን ሕግ የሚያነብ ሰው ከሌሎች ይልቅ ያስፈልገዋል፤ ቤት የሌለው ሰው የኪራይ ውሉን ከባለቤቱ ይልቅ አጥብቆ ማንበብ እንዳለበት ሁሉ።

ታዲያ ይህ ትምህርት የት ይገኛል? በአይስላንድ አገር በሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ኢሳፍዮርዱር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ሕዝቧ 3000 አይሞላም፤ ኑሮዋም የተመሠረተው በዓሣ ላይ ነው። በዚያች ከተማ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ የባሕርና የባሕር ዳርቻ አስተዳደር ትምህርት በእንግሊዝኛ ቋንቋ በሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣል፤ ተማሪዎችም ከብዙ አገር ይመጣሉ። ይህን ስታነብ ስለ በረዶው አታስብ፤ ስለ ነገሩ አስብ። አንዲት ትንሽ ከተማ የገዛ ዳርቻዋን ጠንቅቃ ስላጠናች የዓለም አስተማሪ ለመሆን በቃች።

በቤልጅግ የብራስልስ፣ የገንትና የአንትወርፕ ዩኒቨርሲቲዎች በኅብረት የባሕርና የሐይቅ ሳይንስና አስተዳደር ያስተምራሉ፤ ሐይቅ ላለው አገር ልጅ ይህ ስም ልብ የሚሰጥ ነው። በሆላንድ በዴልፍት ከተማ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1957 ጀምሮ የቆየ የውኃ ትምህርት ተቋም አለ። በስዊድን በማልሞ በ1983 የተከፈተው የዓለም የባሕር ጉዳይ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በአገራችንም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በዓሣ ሀብትና በረግረግ መሬት አስተዳደር፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በውኃ ውስጥ ሕይወት ሳይንስ፣ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የታወቀው የአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም በመስኖና በውኃ ምሕንድስና ያስተምራሉ። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» እንዲሉ፣ ሩቅ እያዩ ቅርቡን መዝለል አይገባም።

አሁን ምክሬን ላስከትል። አንደኛ፣ ይህ ትምህርት ለሁሉ ሰው አይደለም። ልብህ ክትር መሥራትና ቦይ መቀየስ ከሆነ የምሕንድስና ትምህርት ይሻልሃል፤ ዓሣ ማርባት ከሆነ የዓሣ ሀብት ትምህርት አለ። የዳርቻ አስተዳደር የሚስማማው ሰው ሲከራከር ሰምቶ የማይሰለች፣ ቁጥርንም ሕግንም የማይፈራ ሰው ነው። ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ብቻ ተብሎ የተመረጠ ትምህርት እንደ ተዋሱት ካባ ነው፤ በበዓሉ ቀን ያምራል፣ በማግሥቱ ግን ለባለቤቱ ይመለሳል።

ሁለተኛ፣ ከመሄድህ በፊት የምትመለስበትን ዳርቻ ስም በወረቀት ላይ ጻፈው። ጎሊና በል፣ ሐይቅ በል፣ ጣና በል፣ ንጋት በል፤ ስም ከሌለው ግን አትሂድ። የመመረቂያ ጽሑፍህንም በዚያ ላይ አድርገው። ብዙ ተማሪ አስተማሪው ባዘጋጀለት በሌላ አገር ባሕር ላይ ይጽፍና ጽሑፉ ከእርሱ ጋር ሻንጣ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። የጎሊናን የጎርፍ አከፋፈል፣ ወይም የሐይቅን ዳርቻ የመሬት አጠቃቀም የጻፈ ተማሪ ግን ሲመለስ የሚያነበው ወረዳ፣ የሚከራከረው ገበሬ ይጠብቀዋል።

ሦስተኛ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንህ ውልህን አንብብ። መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን ለትምህርት ሲለቅ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ለተወሰነ ዓመት እንዲያገለግል ያስፈርመዋል። ስንት ዓመት እንደ ሆነ፣ ደመወዝህ እንዴት እንደሚሆን፣ ስትመለስ በየትኛው የሥራ መደብ እንደምትቀመጥ አስቀድመህ በጽሑፍ እወቅ። ባሕር አጥንቶ ተመልሶ የመዝገብ ቤት ፋይል ሲቆጥር መዋል ለአገርም ለራስም ኪሣራ ነው። አለቃህ ስለ ትምህርቱ የማያውቅ እንደ ሆነ አትናደድበት፤ ዕቅድህን በሁለት ገጽ ጽፈህ፣ ለወረዳው ምን እንደሚጠቅም በቁጥር አስረዳው።

ይህን ሁሉ የምለው ለእኅቶቻችንም ነው። ውኃ በመቅዳት ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉት በአብዛኛው ሴቶች ሆነው ሳለ ውኃው በሚታደልበት ሸንጎ ላይ ድምፃቸው ጥቂት ነው። ከራያ ሜዳ ወጥታ ይህን ትምህርት የተማረች አንዲት ልጅ በዚያ ሸንጎ የምትጠይቀው ጥያቄ ወንዶቹ ጠይቀውት የማያውቁት ሊሆን ይችላል።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በቆቦና በጎብዬ አልፏል፤ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ተማሪዎች ከክፍላቸው ተነቅለው ነበር። እንዲህ ባለ አገር አንድ ሰው ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ዕድል ሲያገኝ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ በመንገድ የቀሩት ጓደኞቹም ድርሻ አለበት። ስለዚህ የትምህርቱን ስም አይቶ መሣቅም፣ የውጭ አገሩን ስም አይቶ መቸኮልም ሁለቱም ያንን ድርሻ ማባከን ነው።

አንባቢ ሆይ፤ በመጪው ሐምሌ ከደጋው ላይ ዝናብ ሲጥል ጎርፉ እንደ ልማዱ ወደ ራያ ሜዳ ይወርዳል። የተማረ ሰው ተመልሶ እንደ ሆነና እንዳልሆነ አይጠይቅም። ገበሬውም በሌሊት ፋኖሱን ወይም ባትሪውን ይዞ ወደ ክትሩ ይሮጣል። በዚያን ጊዜ ከጎኑ ቆሞ «ይህ ውኃ ከላይ ይህን ያህል፣ ከታች ይህን ያህል ቢከፈል ሁላችሁም ትደርሳላችሁ» የሚለው፣ ብሎም የሚያሳምነው ሰው ያስፈልጋል። ያን ሰው ለመሆን የምትፈልግ ከሆንህ የትምህርቱ ስም ባሕር መሆኑ አያሳፍርህ። ማመልከቻህን ጻፍ፤ በመጀመሪያው መስመር ላይ የወንዝህን ስም አስገባበት።